አጥራችን ላይ ያልበቀለው ካክተስ

ልጄ ሰባተኛ ክፍል ስትገባ የሳይንስ መጽሐፏ እንግሊዝኛ ሆነ። እኔ የተማርኩት ገጠር፣ ፎንቆ ነው፤ እስከ አምስተኛ ክፍል። የእንግሊዝኛ ፊደሎችን አንድ በአንድ እለያቸዋለሁ፤ ተሰብስበው ቃል ሲሆኑ ግን አላውቃቸውም። ስለዚህ ስታጠና አጠገቧ እቀመጥና ሥዕሎቹን አያለሁ። የልብን ሥዕል አይቻለሁ፤ እንቁራሪት ከእንቁላል ጀምሮ እንዴት እንደሚያድግ የሚያሳየውንም አይቻለሁ። ስለ አንዳቸውም ጠይቃኝ አታውቅም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ግን ጠየቀችኝ። ለገበያ የሚወጣ ቡላ በእንሰት ቅጠል እየጠቀለልኩ ነበር። መጽሐፉን ገልጣ ፊቴ ላይ ያዘችው።

«እማ፣ ይሄን ታውቂዋለሽ?»

እጄን በመቀነቴ ጠርጌ አየሁ። ወፍራም አረንጓዴ ግንድ ነው። ቅጠል የለውም። ከላይ እስከ ታች እንደ ሽንሽን ቀሚስ ተሸንሽኗል። ክንዶቹ ከጎኑ ወጥተው ወደ ሰማይ ቀጥ ብለዋል። ሽንሽኑ ጫፍ ላይ ሁሉ እሾህ አለ።

«እንዴት አላውቀውም? ጓሮ አጥራችን ላይ ያለው ቁልቋል ነዋ!»

«መምህራችን ካክተስ ነው ያለን። በረሃ ነው የሚበቅለው አለ።»

«እኛም ጋ ይበቅላል። ሄደሽ እይው፤ ያው እሱ ነው።»

ልጄ ሥዕሉን ደግማ አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ!» አለችኝ። አልደብቀውም፤ ደስ አለኝ። የሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነገር ማወቄ ደስ አለኝ። ወደ ቡላዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መጥታ ምሳዋን በላችና ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ ቢላዬ የት እንዳለ ሳላይ የምውል ሰው አይደለሁም። ክብሪት ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጣለሁ፤ የጉድጓዱን ክዳን በቀን ሁለት ጊዜ አያለሁ፤ ውሃ ሳላፈላ ለልጅ አልሰጥም። ጎረቤቶቼ በዚህ ይስቁብኛል። የዚያን ቀን ግን ልብስ እያጠፍኩ ነበርና ቢላው ከቦታው እንደሌለ አላየሁም።

«እማ! ዓይኔ! ዓይኔን አቃጠለኝ!»

ስወጣ አጥሩ ሥር ተንበርክካ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋለች። ቢላው መሬት ላይ ወድቋል። ቁልቋሉ ደረቷ ትክክል ላይ በጥልቅ ተወግቷል፤ ከቁስሉ ነጭ ወተት ግንዱን ይዞ ይወርዳል። ወተቱ አንገትጌዋ ላይ አለ፤ ጣቶቿም ላይ አለ።

የቁልቋል ወተት ምን እንደሚያደርግ እኔ ሳልነገር ያደግኩ ሰው አይደለሁም። ፎንቆ ልጅ ሳለሁ የአጎቴ በሬ አጥር ሲጥስ ወተቱ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ነበር። ያ ዓይን እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ ሆኖ ቀረ። በሬው እስኪታረድ ድረስ በዚያ በኩል የመጣበትን ሰው አያይም ነበር። ልጄን እጇን ከፊቷ ሳላቅቅ ያ በሬ ነው የታየኝ።

«አትሺው! እጅሽን አታስነኪው!» እያልኩ ወደ ማዕድ ቤት ጎተትኳት።

የዚያን ቀን የውሃ ፈረቃው የእኛ ሰፈር አልነበረም። አንድ ቢጫ ጄሪካን ብቻ አለኝ። ጄሪካኑን አየሁትና ቆምኩ። ያልፈላ ነው። እንዴት ያልፈላ ውሃ ለዓይን ይሆናል አልኩ። ልጄ መሬት ላይ እየተንፈራገጠች እኔ ከሰል ምድጃው ላይ ብረት ድስት ጣድኩ። ክብሪቱን ከከፍታው አወረድኩ። አንዱ ተሰበረ፤ ሁለተኛው ጠፋ፤ ሦስተኛውን እየጫርኩ ሳለ ጎረቤቴ በጓሮ በር ገባች።

እሷ ከባሏ ጋር መንገዱ ዳር ሱቅ ያላት የጉራጌ ሴት ናት። የአምስት ወር ልጇን አዝላ ነበር።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?»

«ውሃ ላፈላ… ንጹህ እንዲሆን…»

«አብደሻል እንዴ! ልጅቷ እየነደደች አንቺ ሻይ ታፈያለሽ?»

ጄሪካኑን በአንድ እጇ አነሳችው። «ያዣት! ዓይኗን ክፈችው!» አለችኝ። በሁለት ጣቴ የዓይኗን ቆብ ከፈትኩት፤ እሷ በፕላስቲክ ጆግ እየቀዳች ከአፍንጫዋ በኩል ወደ ውጭ አፈሰሰችው። ልጄ እየጮኸች እግሬን ትረግጠኛለች። ጄሪካኑ አለቀ። ጎረቤቴ ጮክ ብላ ባሏን ጠራች፤ የታሸገ ውሃ ሙሉ እሽጉን በአጥሩ ላይ አቀበላት። ላስቲኩን በጥርሷ ቀድዳ አንዱን ጠርሙስ ስትጨርስ ሌላውን ከፈተች። ሁሉንም አፈሰስነው። መሬቱ ጭቃ ሆነ።

ስንጨርስ ወተቱ የገባበት አንድ ዓይኗ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ጎረቤቴ ልጇን ከጀርባዋ አዞረች።

«አሁን የጡት ወተት ጠብ ይደረግላት።»

«ይቅር እንጂ…»

«ምን ይቅር? እኛ ቤት ዓይኑ ያበጠ ልጅ ሁሉ በዚህ ነው የዳነው። ወላሂ ነው የምልሽ።»

አልፈለግኩም። ግን እሷ ባትመጣ እኔ አሁንም ክብሪት እየጫርኩ ነበር። እንዴት እምቢ ልበላት? ሁለት ጠብታ አደረገችላት።

«ሌላ ወተት አልፈልግም!» ብላ ጮኸች ልጄ። ጎረቤቴ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅኩም።

በባጃጅ ሆስፒታል ደረስን። የዓይን ክፍሉ ሐኪም ወጣት ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ። ከላይ በተሰቀለ ፕላስቲክ ከረጢት ዓይኗን እንደገና ለረጅም ጊዜ አጠበው። ከዚያ ዓይን የሚያቀልም ጠብታ ጨምሮ በመብራት አየውና ወደ እኔ ዞረ።

«በምን አጠባችሁት?»

«በውሃ።»

«ብዙ?»

«ብዙ። አንድ ጄሪካንና አንድ እሽግ።»

«ጥሩ አድርጋችኋል። ሌላ ነገር አድርጋችሁባታል? ቅጠል፣ ቅቤ፣ የጡት ወተት?»

«ምንም» አልኩ።

የልጄ እጅ በእጄ ውስጥ ነበር። ጨበጥ አደረገችኝ።

እሷንም ጠየቃት። «ቁልቋል ውጊ ያለሽ ማን ነው? ስትጫወቱ ነው?»

«ማንም አላለኝም። ራሴ ነኝ።»

የጫማዋ ክር ሳይፈታ ጎንበስ ብዬ አሰርኩላት።

ሐኪሙ የሚሆነውን ነገረኝ። ሕመሙ ነገ ይብሳል። ነገ ዛሬ ከምታየው ያነሰ ልታይ ትችላለች። ብርሃን ያማታል፤ ደህናው ሲያይ የታመመው ስለሚያማት ሁለቱንም ዓይኖቿን ጨፍና ትተኛለች። ጠብታውን በየሰዓቱ፣ ቅባቱን በቀን አራት ጊዜ። በየቀኑ እናመጣታለን።

«ዓይኗ ይጠፋል?» አልኩት።

«አሁን መናገር አልችልም። ቁስሉ ከደረቀ በሳምንት ውስጥ ይታወቃል። ቁስሉ ላይ ጀርም ከገባ ግን ሌላ ነገር ነው።»

ጀርም የሚለውን ቃል ይዤ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ገብተን ከግቢው በር እንደወጣን ሹፌሩን «አዙር» አልኩት።

«ምን ረሳሽ እናቴ?»

«አዙር ብቻ።»

ሐኪሙ ሌላ በሽተኛ እያየ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ «የጡት ወተት ነበር፤ ሁለት ጠብታ» አልኩት። ሰው ሁሉ ሰማ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ቅድም ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ።»

«እኔን ነው የፈራሽው ወይስ ለዓይኗ?»

ልጄን መልሶ አስተኛት፤ እንደገና አጠበው፤ ሌላ ሁለተኛ ጠብታም ጻፈ። ይህኛው ለጀርም ነው አለኝ። ያዘዘው በጡት ወተቱ ምክንያት ይሁን ቀድሞም አስቦት እስካሁን አላውቅም። አልጠየቅኩትም።

ማታውን ባሌ ከሾኔ ደወለ። እዚያ ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። «ዓይኗን ትንሽ አሟታል፣ ሐኪም ቤት ወስጃታለሁ» አልኩት። ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር። ከዚያ የቀረውን ግን አላልኩም።

ሐሙስ ሕመሙ እንደተባለው ባሰ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንኩት። ልጄ አልጋው ላይ ተቀምጣ ሁለቱንም ዓይኗን ጨፍና ጠብታ ስጨምርላት ብቻ ትከፍታለች። ስትከፍት ደህናውን ዓይኗን ሸፍኜ ጣቶቼን አሳየኋት።

«ስንት ነው?»

«አላውቅም።»

«ገምቺ።»

«እማ፣ ጥላ ነው የማየው። ጥላ አይቆጠርም።»

ሁለት ጣት ነበር ያሳየኋት። ወደ ማዕድ ቤት ሄጄ በሩን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። ስመለስ ደህና ድምፅ አወጣሁ።

የሚቀጥለው ረቡዕ የሳይንስ ፈተና ነበራት። ያሳሰባት እሱ ነው። እኔ ዓይኗ ይተርፋል ወይ እያልኩ እሷ ፈተናው ያልፈኛል ትለኛለች።

«አንብቢልኝ» አለች።

«እንግሊዝኛ ማንበብ እንደማልችል እያወቅሽ?»

«ፊደሎቹን ጥሪልኝ። ቃል የማደርገው እኔ ነኝ።»

እንደዚህ ጀመርን። ጭላንጭሉ በሚገባበት ጥግ ቁጭ ብዬ ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ አንድ በአንድ እጠራለሁ። «ኤስ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤም።» እሷ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። «ስቴም። ግንድ።» ከዚያ ባዶ ቦታውን ስደርስ «አበቃ» እላለሁ፤ ወደሚቀጥለው ቃል እንሄዳለን። ቢ እና ዲ ይምታቱብኛል። አንድ ቃል ሦስት ጊዜ ስጠራላት «እማ፣ ሆዱ ወዴት ነው የዞረው?» ትለኛለች። «ወደ ግራ።» «እንግዲያው ዲ ነው!» ለአንድ መስመር የቡላ አንድ ጥቅል የሚያልቅበትን ያህል ጊዜ ይፈጅብናል።

የካክተስን ገጽ ያነበብነው በዚህ ዓይነት ነው። ገጹ ከሥዕሉ በታች ብዙ ያወራል። እሾሁ ድሮ ቅጠል ነበር ይላል። ቅጠል ሰፊ ሲሆን ፀሐይ ውሃውን ስለምትጠጣበት ቀጠነ፣ ደረቀ፣ እሾህ ሆነ። የቅጠልን ሥራ ግንዱ ተረከበ፤ አረንጓዴ የሆነውም ለዚያ ነው። ላዩ ሰም የተቀባ ያህል ነው፤ ላብ እንኳ አያወጣም። ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ አይወርድም፤ ከመሬቱ ላይኛው ቆዳ ሥር በዙሪያው ርቆ ይዘረጋል፤ ትንሽ ዝናብ ቢጥል ሳያልፈው ይይዘዋል ማለት ነው። ዝናብ ሲያገኝ ሽንሽኑ ይከፈታል፤ ግንዱ ይወፍራል። ድርቁ ሲረዝም ያንኑ ውሃ ቀስ እያለ ይበላል፤ ሽንሽኑም ይጠብቃል። መጀመሪያ ዓመታት ላይ የሰው አውራ ጣት እንኳ አያክልም።

«ምን ያስቸኩለዋል» አልኩ።

«መጠንቀቁ ነው እማ። እንዳንቺ።»

ቀጥሎ የመጣው መስመር ላይ ግን ዝም አለች። ደግሜ ፊደሎቹን ጠራሁላት። «ሰማሁሽ» አለች። «ግንዱ ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል ነው የሚለው።»

ያኔ ጠየቅኳት። ከረቡዕ ጀምሮ ልጠይቃት ስፈራ የነበረውን። «ለምን ወጋሽው? ወተት እንዳለው አታውቂም?»

«አውቃለሁ። ወተቱ ላዩ ላይ ነው፣ ውሃው ከውስጥ ነው ብዬ ነው። መጽሐፉ ውሃ አለው አለ። አንቺ እሱ ነው አልሽኝ። ውሃውን ለማየት ጠለቅ አድርጌ ነው የወጋሁት።»

እኛ አገር ይህ ሞኝነት አይደለም። እንሰት ሲቆረጥ ከግንዱ ንጹህ ውሃ ይወርዳል፤ በበጋ ለላሞቹ የምንሰጠው ለዚህ ነው። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ወፍራም ግንድ ውሃ እንዳለው ነው ያየችው። ላዩ የሚመር፣ ውስጡ ውሃ የሆነ ነገር ለእሷ እንግዳ አይደለም። እኔ ደግሞ ያው እሱ ነው አልኳት።

«ለሐኪሙ ለምን አልነገርሽውም? እናቴ ናት ለምን አላልሽም?»

«አንቺም ስለ ጡት ወተቱ ዋሽተሽ ነበራ» አለችኝ። ሳቀችና ሳቁ ዓይኗን አመመው።

ዓርብ ጠዋት ሐኪሙ ሲያያት ለውጥ የለም አለ። አልባሰም፣ አልተሻለም። እኔ አልባሰም የሚለውን ሳይሆን አልተሻለም የሚለውን ይዤ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ መምህሯ መጣ። ወጣት ልጅ ነው፤ ቤታችንን ጠይቆ ጠይቆ ነው ያገኘው። በእጁ የቀለም ቆርቆሮ ይዟል፤ በውስጡ የጡጫ ያህል አረንጓዴ ነገር በቅሏል፤ እሾሁ ብቻ ይታያል። በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ገባና ቆርቆሮውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «ሥዕሉን አሳየኋቸው እንጂ ከእኛ ቁልቋል ይለያል አላልኳቸውም። ይህን ይዤ ክፍል መግባት ነበረብኝ።»

ውሃ አቀረብኩለት።

ልጄ ከአልጋው ላይ «እውነተኛው ካክተስ ነው?» አለች። «ልንካው?»

«በጣትሽ ጫፍ ብቻ፤ ቀስ ብለሽ።»

እጇን ይዤ ወሰድኩላት። መምህሩ የሚነካውን ቦታ እየነገራት ልዩነቱን አስረዳን። የካክተስ እሾህ ሁሉ ከአንዲት እንደ ጥጥ የለሰለሰች ትንሽ ነጥብ ላይ በዘለላ ይወጣል። የእኛ ቁልቋል እንደዚያ ዓይነት ነጥብ የለውም፤ እሾሁም ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚቆመው። ካክተስ ሲቆረጥ የሚወጣው እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ እሱም ቢሆን የአብዛኛው ካክተስ ሰው ከጠጣው ያሳምማል። ቁልቋል ግን ወተት ነው፤ ከላይ እስከ ውስጥ ወተት።

«ታዲያ ዘመድ ካልሆኑ ለምን መንታ መሰሉ?» አልኩት።

«የካክተስ አገሩ ከባሕር ማዶ ነው፤ የቁልቋል እዚህ። አይተዋወቁም። ሁለቱም ውሃ ያጡ ስለሆኑ ነው። ሁለቱንም ድርቁ አንድ ዓይነት አድርጎ ሠራቸው። መልካቸው እኮ እኔንም ያሳስታል።»

ደግሞ ይቅርታ ጠየቀኝ። ርእሰ መምህሩ ቢጠራው እውነቱን እንደሚናገር፣ እኔም ብከስሰው መብቴ እንደሆነ ነገረኝ። ጣቶቹን እያፍተለተለ ነበር። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ልጄ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ ዓይኗ ተጨፍኖ የምታየኝ መሰለኝ። «ችግር የለም፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩት። ቆርቆሮውን ትቶልን ሄደ።

ቅዳሜ ባሌ መጣ። መስኮቱ ተሸፍኖ ዓይኗን ጨፍና ሲያያት ሻንጣውን በሩ ላይ ጣለው። የሆነውን ነገርኩት፤ ከቢላው ጀምሬ መምህሩ ጥፋቱ የእኔ ነው እስካለው ድረስ። ካሳየችኝ ሥዕል አልጀመርኩም። ሰምቶ ሲጨርስ መጥረቢያውን ከጓዳ ይዞ ወጣ።

«አባ!» አለች ልጄ ከውስጥ። «አትቁረጠው! ሁሉም ነው የሚረጨው!»

ቆመ። መጥረቢያውን አስቀመጠ፤ ንዴቱ ግን አልተቀመጠም። «ልጆችን በረሃ በረሃ እያለ ቢላ የሚያስመዝዝ መምህር ሰኞ ጠዋት ቢሮ ድረስ ሄጄ ነው የምጠይቀው። በጽሑፍ ነው የማመለክተው። ዓይን እኮ ነው!»

የመምህሩን የሚያፍተለትል ጣት አሰብኩ። ባሌ የሚለውን የሚያደርግ ሰው ነው።

«መምህሩ አይደለም» አልኩት።

«ማን ነው ታዲያ?»

«ሥዕሉን አሳየችኝ። ይሄን ታውቂዋለሽ ወይ አለችኝ። አጥራችን ላይ ያለው ቁልቋል ነው አልኳት። ሄደሽ እይው ያልኳት እኔ ነኝ።»

አየኝ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። «አንቺ?» አለ። «ውሃ ሳታፈዪ የማታጠጪው አንቺ?» ድምፁ አልከፋም፤ እንዲያውም ግራ የገባው ነበር። ያ ከጩኸቱ ባሰብኝ። ወደ ልጁ ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እሑድ እስከ ቀትር አላናገረኝም። ከቀትር በኋላ ድምፁን ከመኝታው ሰማሁ፤ «ደብልዩ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኢ፣ አር» እያለ። «ዎተር» አለች ልጄ። «ውሃ።» እሱ ቃሉን ማንበብ ይችላል፤ ፊደል ፊደል እንዲጠራ ያደረገችው እሷ ናት።

ሰኞ በጠዋት ወደ ሾኔ ሲመለስ በትምህርት ቤቱ በኩል አለፈ። ለመምህሩ ምን እንዳለው አልነገረኝም። እኔ ግን የመምህሩን ስልክ ቁጥር ዓርብ ተቀብዬ ነበርና ደውዬለት ያን ቀን ያላልኩትን አልኩት። «እትዬ፣ እኔም ቢሆን…» ብሎ ጀመረ፤ «አይ፣ የእኔ ነው» አልኩት።

ማክሰኞ ጠብታ ስጨምርላት ልጄ ደህናውን ዓይኗን እንደጨፈነች «ቀለበትሽ» አለች። ጣቴ ላይ ያለውን ቀለበት ማለቷ ነው። ጠብታው ጉንጯ ላይ ፈሰሰ፤ ዓይኗን ሳትኩት።

ረቡዕ፣ ሳምንቱ ሲሞላ፣ ሐኪሙ ደህናውን ዓይኗን በካርቶን ሸፍኖ ግድግዳው ላይ ካለው ሰሌዳ ፊት አቆማት። ሰሌዳው ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ዞሮ ተጽፏል፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ያንሳል። የዞረበትን በእጇ ማሳየት ነው። ትልቁን አሳየች። ሁለተኛውን አሳየች። ሦስተኛው ላይ ቆም ብላ አሳየች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ እጄን ሳላውቀው ወደ ፊደሉ አቅጣጫ እያዞርኩ ነበር፤ ሐኪሙ «እናት፣ አትርጂ» አለኝ። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ግራ እጇን አነሳች፣ መለሰችው፣ ወደ ታች አደረገችው። ሰባተኛው የመጨረሻው ነው። «ይሄ ነጠብጣብ ነው» አለች።

ሐኪሙ በመብራቱ ዓይኗን አየ። ቁስሉ ደርቋል አለ። ጠባሳ የለም፤ ካለም እሱ አላየውም። ጠብታው ሲቆም እይታዋ ደግሞ ሊጨምር ይችላል።

«የመጨረሻውን መስመር ድሮ ታየው ነበር?» አለኝ።

«ምን?»

«ከዚህ በፊት ተለክታ ታውቃለች? ድሮም ስድስት ላይ ይቆም እንደሆነ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ሰባተኛውን አያየውም።»

ተለክታ አታውቅም። ዓይኗን ማን ይለካል? ከፈተናው የቀረችው በዓይኗ ምክንያት እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ጻፈልን፤ በወሩ ተመለሱ አለን። ልጄ «ዳንኩ አይደል?» አለችው፤ «ድነሻል» አላት። እኔ ግን ሰባተኛውን መስመር እያሰብኩ ወጣሁ። ያጣችው ነገር ካለ የት እንደነበረ የማውቅበት መንገድ የለኝም።

ባጃጅ አልያዝኩም። በእግራችን እንሂድ አልኳት። መንገዱ ዳር ላይ ስንደርስ ደህናውን ዓይኗን በእጇ እንድትሸፍን ነገርኳት።

«ያንን አንብቢልኝ።»

«የልብስ ስፌት።»

«ያንኛውን፣ ከማዶ ያለውን።»

እሱ በሀዲይኛ የተጻፈ ነበር፤ እሱንም አነበበችው። የፎቶ ቤቱን አነበበች። የዳቦ ቤቱን አነበበች፤ ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን ሳይቀር። ሰው ያየናል፤ አንዲት ሴት ልጇን መንገድ ላይ ዓይን አስሸፍና ታቆማለች። ወደ ላይ ወዳለው መንገድ ጠቆምኩ።

«ያንንስ?»

«የሕንፃ መሣሪያ።»

«ከእሱ ባሻገር ያለውን ሰማያዊውን?»

እጇን ከዓይኗ አወረደች። በሁለቱም ዓይኗ ወደ ጠቆምኩት አየች፣ አጠበበቻቸው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እማ» አለች፣ «አንቺስ ታይዋለሽ?»

አየሁ። ሰማያዊ ነው፤ ፊደል አለበት። ከዚያ በላይ አልታየኝም።

«አይታየኝም» አልኩ።

«ለማንም አይታይም እኮ!» አለችና ቀድማኝ መሄድ ጀመረች።